የቆላው ደቦ

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ የሰሊጥ ጆንያ አፍንጫዬ ሥር ፈታ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሊሸጥልኝ ነው። በእፍኙ ዘግኖ፣ እስቲ አሽትችው እህቴ፣ አዲስ ምርት ነው፣ ገና ከመተማ መግባቱ ነው አለኝ። አሸተትሁት። ደረቅ ነው፤ ቅባት ቅባት ይላል፤ ከሥሩ የገለባና የአቧራ ሽታ አለው። ሌላውን ሰው ደስ ሊለው ይችላል። እኔን ግን ደሜን አፈላው። ሰውየውን ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ጥዬው ሄድሁ። ከኋላዬ፣ ምን አደረግኋት ሲል ሰማሁት። እውነቱን ነው፣ እሱ ምንም አላደረገኝም።

አባዬ ከቆላ ሲመለስ ልብሱ የሸተተኝ ይኸው ሽታ ነበር። ጊዜ ሲያልፍ ንዴቱ ይበርድልሻል ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ተሳስተዋል። በልጅነቴ ያልገባኝ ነገር አንድ በአንድ እየገባኝ በሄደ ቁጥር ይብስብኛል እንጂ አይበርድልኝም።

መንደራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ አስፋልቱን ወደ ግራ ትተው በእግር የሚገቡበት ነው። ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ግን ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ከክፍሌ ይልቅ ማማ ላይ ነበር የምውለው። ማማው በበቆሏችን መሀል በአራት እንጨት ላይ የቆመ መቀመጫ ነው፤ እዚያ ላይ ወጥቶ ጦጣ መጠበቅ የኔ ሥራ ሆነ። ወንጭፍ ነበረኝ። ጦጣዎቹ ግን ሴት ልጅ መሆኔን አውቀው ይንቁኛል። ድንጋዩ አጠገባቸው ሲወድቅ ዞር ብለው ያዩኝና መፈልፈላቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ የተነሳ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጮህ እውል ነበር።

አባዬ ጌታሁን ይባላል። በሀብት ማንም አያውቀውም። አንድ በሬ ነበረን፤ ሁለተኛው ክረምት ላይ ሞቶብን ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ነበር የሚያርሰው። በደቦ ግን አባዬን የማያውቅ አልነበረም። ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፣ ዘፈን የሚያወርደው እሱ ነው፣ ወደ ኋላ የቀረውን ሰው ስሙን በግጥም ጠርቶ አሙቆ ከመስመር የሚያስገባው እሱ ነው። እኔም የማውቀው የደቦ ሕግ ከሱ የተማርሁት ነው። ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ነገ ደግሞ የወጡለት ሰዎች ሲጠሩት ማጭዱን ይዞ ይሄዳል። ድሀ ነኝ፣ ሀብታም ነኝ፣ ደክሞኛል የለም። ደቦ በልቶ የቀረን ሰው አባዬ ከዚያ በኋላ በስሙ አይጠራውም፤ «ያ ሰውዬ» ይለዋል። በመንደራችን «ያ ሰውዬ» የሆነ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን መንገድ ላይ ሳገኘው እኔም ሰላም አልለውም ነበር።

አያ ቢያድግ የኛው መንደር ሰው ነው። መተማ በረሃ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ላለው ለአንድ ባለሀብት ሠራተኛ ሰብስቦ የሚያወርድ ካቦ ነበር። ሠራተኛ የሚመርጠው ደቦ ላይ ነው። ጠላውን እየጠጣ ዳር ይቆማል፤ ማን ቶሎ እንደሚያጭድ፣ ማን ቀና ሳይል እንደሚውል ያያል። ከዚያ ሥራው ሲያልቅ ወደ መረጠው ሰው ጠጋ ብሎ ክንዱን ጨበጥ ያደርገዋል። እኔ ይኼን ሳይ ሰው የሚወድ ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው። አባዬን ክንዱን ይዞ ብዙ ጊዜ ሲቆይ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው አባዬን ነው ብዬ ኮራሁ። አሁን ሳስበው በሬ ሲገዛም እንደዚያው ነበር የሚያደርገው።

መስቀል እንዳለፈ ማታ ቤታችን መጣ። ባለሀብቱን ሲያሞግሰው አመሸ። ጌታ እንዳይመስላችሁ፣ ወንድም ማለት ነው፣ ከሠራተኛው ጋር ነው የሚበላው፣ የጎጃም ሰው ከሱ ቤት ገብቶ የሰው ቤት ሄድሁ አይልም አለ። እናቴን ሙሉ ይሏታል፤ ነገሩን አልወደደችውም። አባዬ ባለፈው ዓመት ለአረም ወርዶ የያዘው ትኩሳት እየሄደ እየመጣ ነበር። «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይላሉ» አለችው፤ «አንተ ደግሞ በሬ ፍለጋ ገደል ልትገባ ነው።» አባዬ ሳቀ። አያ ቢያድግም ሳቀ። እኔ የሳቁትን አይቼ ሳቅሁ። አያ ቢያድግ የወንድሟን የሞላን ስም ጠርቶ፣ እሱም ይወርዳል ሲላት እምቢታዋን ተወች። አጎቴ ሞላ ካለ አባዬን ይጠብቀዋል ብላ ነው።

ቡሬ ድረስ ሸኘናቸው። አይሱዙው ላይ ተደራርበው ቆሙ። ከብት ሲጫን እንኳ ረድፍ ይይዛል፤ እነሱ ግን አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ነበሩ። አባዬ ማጭዱን በቁምጣው መቀነት ሸጉጦ ከላይ ሆኖ፣ ብርቄ ጦጣዎቹን አደራ አለኝ። መኪናው ሲነሳ ዘፈን ያወረደው እሱ ነበር። ሌሎቹ ሲቀበሉት መንገዱ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሠርግ የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት።

ከዚያ በኋላ እማዬ የሁለት ሰው ሥራ ያዘች። እኔ ከማማዬ ላይ ጤፋችንን ማየት እችል ነበር፤ ከበቆሎው በታች ነው፣ ያን ዓመት አምሮበት ነበር። እማዬ በሄደች በመጣች ቁጥር ዳር ላይ ቆማ ታየዋለች። የተበደርነውንም ያልተበደርነውንም በዚያ ጤፍ ነው የምታስበው።

ሰሊጥ አጫጆቹ መመለስ የጀመሩት ኅዳር ከገባ በኋላ ነው። አንድ ቀን እማዬ ከወንዝ ስትመለስ አጎቴ ሞላ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ብቻውን ነበር። እንስራውን ሳታወርድ፣ ጌታሁንስ አለችው። አልሞተም አላት መጀመሪያ። ከዚያ ነው ቁጭ ብሎ ሁሉንም የነገረን፤ እኔም ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

የተቀጠሩበት እርሻ አልቆ ነበር አለ። ልብሳቸውን ጠቅልለው መኪና እየጠበቁ ሳለ ባለሀብቱ ሌላ የደረሰ ማሳ እንዳለው ተሰማ። ሰሊጥ ደግሞ ደርሶ ካደረ ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ እንደ ዳጉሳ አይታገሥም። ያ ቀን የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ነው። የኛ አገር ሰው በመድኃኔ ዓለም ቀን ወርቅ ቢያፈሱለትም ለደሞዝ ማጭድ አያነሳም። ይኼን ከአያ ቢያድግ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ደሞዝ አላለም። ሁለት ፍየል አሳርዶ፣ አረቄ አስመጥቶ፣ የጌታው ደቦ ነው አላቸው። አንዱ፣ በበዓል ቀን ደቦ የሚወጣው ለደካማ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ልክ ነው፤ በአገራችን በበዓል ቀን አቅም ላጣ ሰው፣ ለታመመ፣ ባል ለሞተባት ማጨድ ጽድቅ እንጂ ኃጢአት አይደለም። አያ ቢያድግ ለዚህም መልስ ነበረው። ጌታው በዚህ በረሃ ዘመድ የለው፣ ወገን የለው፣ ሰብሉ እያየው ሊረግፍበት ነው፤ ከዚህ የባሰ ደካማ ማን አለ አላቸው።

ይኼን ቃል እስከ ዛሬ ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል። ዓይን እስከሚያይበት ድረስ መሬት ያለው ሰው፣ ትራክተር ያለው ሰው ደካማ ተባለ። እነዚያ ደግሞ አመኑ። አመኑ ብቻ ሳይሆን አዘኑለት። ጠጋ ብለው አንድም ጥያቄ ሳይጨምሩ፣ ምስኪን፣ ሰው የለውም አሉ አለ አጎቴ ሞላ። ቀማኛ መጥቶ ጉልበታችሁን አምጡ ቢላቸው ይጣሉት ነበር። ደቦ ሲላቸው ግን ማን እምቢ ይላል? ደቦ ተጠርቶ የተኛ ሰው ሀገሩ ሲመለስ ምን ተብሎ ነው የሚኖር? እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኼ ነው።

አባዬ ያን ቀን ትኩሳቱ ተነስቶበት ግራር ሥር ተኝቶ ነበር። እንዲተኛ ተስማምተውለት ነበር። ሥራው ግን ዘፈን የሚያወርድለት አጥቶ ቀዘቀዘ። አያ ቢያድግ ከዳሱ ጥላ ሥር ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ በግጥም የአባዬን ስም ጠራ፤ ያ የደቦ አንበሳ የት ሄደ፣ ሴት ሆነ ወይ ብሎ። አባዬ ተነሳ። ማጭዱን ይዞ ከፊት ገባ፣ ዘፈኑን አወረደ፤ ሰዉም ከሱ እኩል ለመሆን እየተሯሯጠ በደሞዝ ቢሆን ብዙ ቀን የሚፈጀውን ማሳ በዚያው ቀንና በማግስቱ ጨረሰው። በማግስቱ ከሰዓት አባዬ ነዶ ላይ ወደቀ። መኪናው ሲመጣ፣ የታመመ ሰው መንገድ ላይ ቢሞትብኝ ማን ይጠየቃል ብሎ አያ ቢያድግ አልጭን አለ። ገንዳ ውሃ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ አውርደውት መጡ።

«አንተስ?» አለችው እማዬ ወንድሟን።

አጎቴ ሞላ መሬት መሬት አየ። እኔ ብቀር ሁለታችን ነበርን የምንቀረው አላት።

እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። አባዬ መታመሙ አሳዝኖኛል። ግን ያ ባለሀብት የደቦ ሰው መሆኑን ሰማሁ። ደቦ ከበላ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። አያ ቢያድግ ወንድም ማለት ነው ብሎም ነበር። ጤፋችን ሊታጨድ ነው፣ ተራው የሱ ነው፤ በመኪና ነው የሚመጣ፣ አባዬንም ይዞት ይመጣል ብዬ አሰብሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማማ ላይ ስወጣ ጦጣዎቹን ትቼ መንገዱን ነበር የምጠብቀው። መልኩን ሳይቀር በሐሳቤ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ወፍራም ነው፣ ነጭ ጋቢ ለብሷል፣ ማጨድ ስለማይችል አባዬ እየሳቀ ያሳየዋል።

እማዬ በማግስቱ አያ ቢያድግ ቤት ሄደች። እኔን ይዛኝ ነበር። ባለሀብቱ መኪናውን ልኮ ሰውየውን ያምጣልኝ፣ ደቦውን ወጥቶለት ነው የወደቀው፣ እርስዎም ያውቃሉ አለችው። አያ ቢያድግ ቅር አላለውም። አስቀመጠን፣ ጠላ ቀዳልን። ጌታውን ስልክ አላገኘሁትም፣ ሰሊጥ ሊሸጥ ጎንደር ወጥቷል፣ እግዜር ያውቃል እንጂ ሰውስ ምን ያደርጋል አለ። እማዬ ጠላውን ሳትነካው ተነሳች። ያለችንን አንዲት በግ ሸጣ ራሷ ወረደች። እኔን ጎረቤት አስቀምጣኝ ሄደች፤ ከመንደራችን ወደዚያ አገር ብቻዋን የወረደች ሴት ከዚያ በፊት አላውቅም።

ስትመለስ ከአባዬ ጋር ቡሬ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው ከዚያ በጋሪ ነበር የገቡት። ሮጬ አቀፍሁት። ልብሱ ያ ሽታ ነበረው። ፊቱና እግሩ የደረቀ እንጨት ሆኗል፤ ሆዱ ግን ወጥቷል። እኔ የሆዱን ትልቅነት አይቼ ጠግቦ መጣ አልሁ። ለጎረቤት ልጆችም፣ አባዬ ቆላ በልቶ ጠግቦ መጣ፣ ሆዱን እዩት ብዬ ተናገርሁ። ልጆቹም ሊያዩት መጡ። እማዬ በራፉ ላይ ስታያቸው ምን እንደመጡ ጠየቀቻቸው፤ ሲነግሯት ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ፍኖተ ሰላም ያዩት ሐኪም ሆዱን የነፋው ጣፊያው ነው አሏት። ቆላ ግራር ሥር የሚተኙትን ደገኞች የምትነድፍ ትንሽ ዝንብ አለች፣ የበሽታው ስም ካላዛር ነው፣ ይድናል፣ ግን ጎንደር ትልቅ ሆስፒታል ተኝቶ ብዙ ቀን መታከም አለበት፣ አይቆይ አሏት። ለመንገዱ፣ ለአስታማሚ ማደሪያው፣ ለቀለቡ የሚሆን በቤታችን ምንም አልነበረም። አባዬ ቆላ ያገኛት ገንዘብ እዚያው ጤና ጣቢያ ቀርታለች። ያለን ጤፉ ነው። ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተሸጦ ጎንደር። እማዬ ይኼን እየደጋገመች ለራሷ ስትናገር እሰማት ነበር፤ ጸሎት ይመስል ነበር።

ደቦ ጠራች። በዚያ ሳምንት ያለችውን ሁሉ ጠመቀች፣ ያላትን ሁሉ ጋገረች። ማለዳ ላይ መንደሩ ከነማጭዱ መጣ። እንደዚያ ቀን ሰው በዝቶ አይቼ አላውቅም፤ አባዬ ያልወጣለት ሰው አልነበረማ። በዚያ ቁጥር ጤፉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታጭዶ ይወድቃል። እኔ ለባለሀብቱ አንድ ዋንጫ ጠላ ለይቼ ከግድግዳው ሥር ደብቄለት ነበር።

አያ ቢያድግም መጣ። አዲስ ማጭድ ይዞ፣ እጁን ጠቅልሎ። ሥራው ሳይጀመር ሰዎች ጠላ ሲጎነጩ የአጎቴን የሞላን ክንድ ጨበጠ፤ ከሱ ቀጥሎ የጎረቤታችንን ልጅ ክንድ፤ በየመሃሉ ስለሚቀጥለው ዓመት ሲያወራ ይሰማ ነበር። እማዬ እንጀራ ይዛ ስታልፍ ሰማችው። ቆመች። ያን ጊዜ ነው እኔ የመጣሁት። ባለሀብቱን ይዞት የመጣ መስሎኝ በደስታ እየሮጥሁ ነው።

«አያ ቢያድግ፣ የጌታው መኪና የት ቆመ?» አልሁት።

«የቱ ጌታ ልጄ?»

«የቆላው ነዋ። አባዬ ደቦውን ወጥቶለት የለ? ዛሬ ተራው የሱ ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም ጮክ ብሎ አላለውም እንጂ። አያ ቢያድግ ራሴን ዳሰስ አድርጎ «የቆላ ደቦ አይመለስም ልጄ» አለኝ።

«የማይመለስ ደቦ ምን ይባላል አያ ቢያድግ?» አለች እማዬ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሰው ሁሉ ባለበት ይንገሩኝ።»

«ኧረ ሙሉ፣ ምነው። ይኸው እኔ ማጭዴን ይዤ መጥቼልሽ የለ?»

«ጌታሁን ለርስዎ አይደለም የወጣው። ለሱ ነው የወጣው። ዛሬ የርስዎ ተራ አይደለም፤ ባለተራውን ይዘው ይምጡ።»

ሽማግሌዎቹ መካከል ጉርምርምታ ተነሳ። ነውር ነው፣ ሰው ከደቦ አይመለስም አሉ። ልክ ናቸው፣ አይመለስም። ጠላትህም ቢሆን ማጭድ ይዞ ከመጣ ታስገባዋለህ፤ እኔ የተወለድሁበት ሕግ ነው። አያ ቢያድግም ይኼን ተማምኖ ነው የመጣው። ሕጉን ለራሱ ሲሆን ያውቀዋል፤ ለሌላው ሲሆን የቆላ ነው።

አባዬ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ መቃኑን ይዞ ወጣ። ቆሞ ማውራት ስላልቻለ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም እሱን አየ።

«ሙሉ፣ ይግባ» አላት። «ደቦ የመጣ ሰው አይመለስም።»

እማዬ የአባዬን ቃል ስትሽር አይቼ አላውቅም ነበር። እንጀራውን አስቀመጠች። ወደ ማሳው ሄዳ ጤፉ ጫፍ ላይ ቆመች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። አያ ቢያድግን ከተወለደች ጀምሮ አንቱ እያለች ነው የኖረችው። ያን ጊዜ ግን አንተ አለችው።

«እኔን አጭደህ እለፍ» አለችው።

አያ ቢያድግ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ምን ይደረግ፣ የሴት ነገር ነው ብሎ ዞሮ ሄደ። ሲሄድ ወደ ኋላው እንኳ አላየም፤ ማየት አላስፈለገውም። ለከርሞ ቆላ የሚወርድ፣ ልጁን የሚያስወርድ፣ በሬ የጎደለው ሁሉ አንድ በአንድ እየተነሳ ተከተለው። አንዱ ከብቴ ጠፍቶብኛል አለ። አንዱ ወገቤን አመመኝ አለ። ሌሎቹ ምክንያት እንኳ አልፈለጉም። አጎቴ ሞላ መጨረሻ ላይ ነበር የተነሳው። በእህቱ አጠገብ አልፎ ሲሄድ ማጭዱን በጋቢው ሸፍኖት ነበር።

የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሽማግሌዎችና ሁለት ሴቶች፣ ቆላ የማይወርዱ። እነሱ አጨዱ። እማዬ አጨደች። እኔም በአባዬ ትንሽ ማጭድ አጨድሁ፤ ጣቴን ቆርጬ አላለቀስሁም። ቀኑ ሳያልቅ ይወድቅ የነበረው ጤፍ ሳምንት አለፈው። በመሀሉ ነፋስ ተነሳና የቀረውን አራገፈው፤ መሬቱ ጤፍ የለበሰ ይመስል ነበር፣ ጉንዳን ሲሸከመው ቁጭ ብለን አየን። ያጨድነውም ከአውድማ ሳይነሳ አባዬ ሞተ።

ቀብሩ ላይ መንደሩ ሁሉ መጣ። አጎቴ ሞላ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። አያ ቢያድግ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ለቀብር የመጣን ሰው የሚመልስ ሕግ በኛም ዘንድ የለም፣ እማዬም አልሞከረችም። ከቀብር መልስ ሹክሹክታው ጀመረ። ትዕቢቷ ነው የገደለው፣ ሰውየውን ብታስገባ ኖሮ ጤፉ በቀኑ ገብቶ ጎንደር ይደርስ ነበር አሉ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የሚሉ አሉ፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዷ ለኔው ለራሴ ልታስረዳኝ ሞከረች። ጤፉ በቀኑ ያልገባው እማዬ አንድ ሰው ስለመለሰች አይደለም። ያን አንድ ሰው ሌላው ሁሉ ስለተከተለው ነው። አባዬን ግራር ሥር ያስተኛው፣ በትኩሳቱ ላይ ያስነሳው፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ የጣለው እማዬ አይደለችም። ይኼ ለመቁጠር ይከብዳል? እማዬ ተጸጽታ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

የማውቀው ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው። ጥር ላይ ሽምብራ ነቀላ ደረሰ። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ፣ እኔን አስከትላ፣ ቀርተው ጤፋችንን ካጨዱልን ሽማግሌዎች መጀመሪያ ወደ አንዱ ማሳ ሄደች። ሽማግሌው ሲያዩዋት ደነገጡ። ሐዘን ላይ ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ደቦ የለብሽም፣ ተመለሽ የኔ ልጅ ብለው ለመኗት። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ሽምብራ እየነቀለች፣ ጌታሁን የበላው ደቦ አለ፣ እሱ ባይኖርም እኔ አለሁ አለቻቸው። ከሳቸው ቀጥሎ ወደ ሌላው ማሳ ሄድን፣ ከዚያም ወደ ሁለቱ ሴቶች። ሽምብራው እጅ ያሳክካል፣ ጣታችን ተላጥቶ ማታ ማታ ቅቤ እንቀባው ነበር። ያጨዱልንን ሁሉ ጨረስን። ለማንም ያልመለስነው ደቦ አልቀረብንም።

ያ ባለሀብት ማን እንደሆነ፣ ይኑር ይሙት አላውቅም። አባቴን በልቶ አልመጣም። ተራው እስከ ዛሬ የሱ ነው።